የራስን ምርጥ በራስ እጅ

የሀዋሳ ሙዚቀኛ ሥራውን ለአድማጭ የሚያደርሰው በነጠላ ዜማ ነው። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጫምባላላ፣ አንድ ይለቃል፤ የሠርግ ወቅት ሲደርስ ሌላ ያክላል፤ በመሃል ደግሞ ልቡ ያለበትን አንድ የፍቅር ዘፈን ይቀርጻል። ክሊፑ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፤ ከተማው ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ጥቂት ሳምንት ይሰማዋል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይተካል። ዓመታት አልፈው ዘፋኙ ዞር ብሎ ሲያይ በርካታ ቅጂ አለው፤ አልበም ግን የለውም። ምርጥ ሥራዎቹን ሰብስቦ በአንድ ርዕስ የሚያወጣው አልበም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሙሉ ሥራው ይሆናል።

በፊት እንዲህ ማድረግ ቀላል አልነበረም። በካሴት ዘመን ብዙ ዘፋኝ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይሄድ ነበር። ዋናው ቅጂ፣ ማስተሩ፣ እዚያው ይቀራል፤ ስብስብ ቢወጣም መራጩ ነጋዴው ነው። ከዚያ በፊት በአምሃ ሬከርድስና በካይፋ ሬከርድስ የታተሙትን ሸክላዎች ለዓለም ጆሮ ያደረሰው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ መራጭነት ነው። ፋልሴቶ ትልቅ ውለታ ውሏል። ሆኖም ዘፋኙ ራሱ ቢመርጥ ኖሮ የትኛውን ያስቀድም ነበር የሚለው ጥያቄ እኔን አይለቀኝም።

ሥራው በሙዚቀኛው እጅ ሲሆን ነገሩ እንዴት እንደሚለወጥ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንና ኪቦርዶችን ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት ቀረጹ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴቱን አንድ ቅጂ ባሕር ዳር ላይ ገዛ፤ ኃይሉንም አፈላልጎ አገኛቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራው እንደገና ታተመ። በዚያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ዓለም መድረኮች ተመልሰው አዳዲስ አልበሞችን አውጥተዋል። ይህ ድጋሚ ሕትመት እንጂ ስብስብ አይደለም፤ የሚያስተምረው ግን አንድ ነው፤ ሥራው የሙዚቀኛው ከሆነ ዕድል ሲመጣ «እሺ» የሚለውም ራሱ ነው።

ወደ ሀዋሳ ስንመለስ፣ አድካሚው ክፍል ፍለጋው ነው። አንዱ ዘፈን አዲስ አበባ በሄደው አቀናባሪ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል፤ የሌላው ሃርድ ዲስክ ተበላሽቷል፤ የሦስተኛው የተረፈው ለጓደኛ የተላከ ኤምፒስሪ ብቻ ነው። ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምጹ ላይ ቆርጦ ይጥላል፤ የተቆረጠው አይመለስም። ስለዚህ ለማስተሪንግ የሚፈለገው ያልተጨመቀው ዋቭ ፋይል ነው፤ ለሲዲ የተለመደው ልክ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ትራክ ለየብቻ ከተገኘ ዘፈኑን እንደገና ሚክስ ማድረግ ይቻላል፤ ከሌለ ያለውን አጥርቶ ከማቅረብ ሌላ መንገድ የለም።

ፋይሉ ሁሉ ሲሰበሰብ ችግሩ ይሰማል። የድሮው ዘፈን በኪቦርድ ምት ብቻ የተሠራ፣ ቀጭንና ዝቅ ያለ ነው፤ ያለፈው ዓመቱ ባስ የበዛበት፣ የሚጮህ። የማስተሪንግ ባለሙያው ሥራ ሁለቱን በአንድ ወንበር ማስቀመጥ ነው። ድምጹን እስከ ጣሪያ መግፋት ብዙ አይጠቅምም፤ ስፖቲፋይ የዘፈኖችን ከፍታ በራሱ ከዜሮ በታች ወደ 14 ሉፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያስተካክላል። የተጨፈለቀው ዘፈን በዚያ ልክ ሲቀነስ የሚቀርለት መጨፍለቁ ብቻ ነው።

ምርጫው ላይ አቋሜን ልናገር። ብዙ ዕይታ ያገኘው ሁሉ ምርጥ አይደለም። ዕይታ የክሊፑም፣ የወቅቱም፣ የዕድልም ነው። በቄጣላ ምት የተሠራ የፊቼ ዘፈን በጉዱማሌ አደባባይ በሚከበረው በዓል ሰሞን ይገንናል፤ ከወራት በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል ሲደመጥ የሚቆም ከሆነ ቦታው ስብስቡ ውስጥ ነው። በሲዳምኛ፣ በአማርኛና በወላይትኛ የዘፈነ ሰው ደግሞ ቋንቋዎቹን በየክፍሉ ከሚለያቸው ይልቅ ከተማው እንደሚናገራቸው አደባልቆ ቢደረድራቸው እመርጣለሁ። የ60 ደቂቃ ካሴት በየገጹ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ መቁረጥ ግዴታ ነበር። ኢንተርኔት ወሰን የለውም፤ ስለዚህ መቁረጡን ሙዚቀኛው ራሱ መድፈር አለበት። አሥራ ሁለት ዘፈን ይበቃል።

ፈቃድ ሌላው ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙና የዜማው ደራሲ የራሱ መብት አለው፤ ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ከዋኙና የድምፅ ቅጂው አዘጋጅም የየራሳቸው የ50 ዓመት መብት አላቸው። ማስተሩ የእኔ ነው ማለት ግጥሙም የእኔ ነው ማለት አይደለም። ቡና እየተጠጣ ለነጠላ ዜማው የተሰጠ የቃል ስምምነት ለስብስቡም እንዲሠራ ከተፈለገ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት፤ ወዳጅነትም የሚጠበቀው በዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ምዝገባ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የተባለ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው። ያልተለወጠው ቅጂ ወደ ስብስቡ ሲገባ የድሮ መለያውን ይዞ መግባት ይኖርበታል፤ አለዚያ እስካሁን የተሰማበት ቁጥር ከአዲሱ ጋር ላይደመር ይችላል። እንደገና ሚክስ የተደረገው ግን አዲስ መለያ ይፈልጋል።

በነጠላ ዜማ ክሊፕ ላይ ቤዙን የተጫወተው ልጅ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ተቀባዮቹም አይጠቀሱም። ስብስቡ የዚህ ማረሚያ ነው። አንድ ገጽ በራሪ ወረቀትም ቢሆን ይታተም፤ ከየዘፈኑ ሥር የተቀረጸበት ዓመትና ስቱዲዮ፣ ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲ፣ አቀናባሪው፣ ከበሮ የመታውና የተቀበሉት ሁሉ በሙሉ ስማቸው ይጻፉ።