ሰፊ ማርሚታ የቱርቦ መኪናን ጉልበት ይጨምራል ወይ?

"ይሄን ማርሚታ አውልቀን ሰፋ ያለ ቱቦ ብንገጥምለት ዳገቱን አይወጣም ወይ?" ለአፓረንትሺፕ ጋራዥ የወጣ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አልቀረም። ሹፌር ይጠይቃል፣ ባለንብረት ይጠይቃል፣ እኛም በሻይ ሰዓት እንከራከርበታለን። አንዱ "ቱርቦ ትንፋሽ ይወዳል፤ ስለዚህ ይጨምራል" ይላል። ሌላው "የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ነው" ብሎ ይስቃል። እኔ እስከገባኝ ድረስ ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጭማሪው ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሆነና ምን እንደሚያስከፍል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ቱርቦው ከጭሱ ምን ይፈልጋል?

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የቱርቦን ሐሳብ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። አሠራሩን ሁላችንም በክፍል ተምረነዋል። ከሲሊንደር የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ በአንድ ዘንግ ላይ ያለው ኮምፕረሰርም አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን ተርባይኑ የሚሠራው በግፊት ልዩነት መሆኑን ነው። ከተርባይኑ በፊት ያለው ግፊት ከፍ፣ ከተርባይኑ በኋላ ያለው ዝቅ ሲል ተርባይኑ ብዙ ሥራ ያገኛል። ከተርባይኑ በኋላ ያለው ቱቦ ወይም ማርሚታ ሲጠብብ ተርባይኑ ይሰንፋል፣ ፒስተኑም ጭሱን ገፍቶ ለማስወጣት ይለፋል። ይህን በጋራዥ ቋንቋ "ባክ ፕሬሸር" እንለዋለን።

"ሞተር ትንሽ ባክ ፕሬሸር ይፈልጋል" የሚባለው አባባልም እዚህ ቦታ የለውም። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የቱቦው ርዝመትና ስፋት የጭሱን ሞገድ ስለሚነካ ተመጥኖ መሠራት አለበት። በቱርቦ ሞተር ግን ሞገዱ ተርባይኑ ላይ አብዛኛውን ኃይሉን ጨርሶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከተርባይኑ በኋላ መንገዱ ክፍት በሆነ መጠን ይሻላል። ከተርባይኑ በፊት ያለው ማኒፎልድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ያለ ልክ ብናሰፋው ጭሱ ፍጥነቱንም ሙቀቱንም ያጣና ቱርቦው ዘግይቶ ይነቃል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

መንገዳችን ላይ እንደምናያቸው አይሱዙ ኤንፒአሮች ያለ 4.6 ሊትር ገደማ የሆነ፣ ወደ 120 የፈረስ ጉልበት ያለው የቱርቦ ናፍጣ ሞተር እንውሰድ። የጭስ ማጣሪያ በሌላቸው ብዙ የከባድ መኪና ሞተሮች መመሪያ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ባክ ፕሬሸር ከ7 እስከ 10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የእኛው መኪና 10 ላይ ነው እንበል፤ አዲሱ ሰፊ ቱቦ ደግሞ ወደ 5 አወረደው። ተርባይኑ የሚሠራው በግፊት ሬሾ ስለሆነ፣ ሬሾው 2 ከሆነ ከተርባይኑ በኋላ 5 ሲቀንስ ከተርባይኑ በፊት እስከ 10 ኪሎ ፓስካል ይቀንሳል።

በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ባለ አራት ምት ሞተር በሴኮንድ 25 ጊዜ የሥራ ዑደቱን ይጨርሳል። 10,000 ፓስካልን በ0.0046 ሜትር ኩብ፣ ከዚያም በ25 ብናባዛ 1,150 ዋት እናገኛለን። ይህ ማለት ወደ 1.5 የፈረስ ጉልበት ነው። ከ120ው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ከነጭነቱ 75 ኩንታል የሚመዝን መኪና ዳገት ላይ ይህን ያህል ጥቅም እንዲያገኝ አንድ ኩንታል ብናወርድለት ይበቃዋል! ሹፌሩ "ነፍስ ዘራ" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ስለተለወጠ ነው።

"ቱርቦውም እኮ ብዙ አየር ይሰጣል" የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚወሰነው በዋናነት ፖምፓው በሚሰጠው የነዳጅ መጠን ነው። ነዳጁ ካልተጨመረ ትርፉ አየር ጭሱን ያጠራል፣ የጭሱንም ሙቀት ይቀንሳል፤ ጉልበቱን ግን ብዙም አይለውጥም። ዌስትጌት ያለው ቱርቦ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ዌስትጌቱ ስለሚከፈት ትርፉ እዚያው ይቀራል።

የማስታወቂያው ቁጥር ከየት መጣ?

ከአሜሪካ የሚመጡ የፒክአፕ ማስታወቂያዎች አሥርም ሃምሳም የፈረስ ጉልበት እንጨምራለን ሲሉ እናያለን። ትልልቆቹ ቁጥሮች በአብዛኛው የቱቦው ብቻ አይደሉም። ከቱቦው ጋር የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ተለውጦ ነዳጅ ይጨመራል፣ ብዙ ጊዜም የጭስ ማጣሪያው ይነቀላል። ይህ በአገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው እንደተነቀለ ገምቷል። ሰፊው ቱቦ በእነዚህ መኪኖች ላይ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ነዳጅ በብዛት ሲጨመር ጭሱም ይበዛልና ሰፊ መውጫ ያስፈልገዋል። ጉልበቱን ያመጣው ግን ነዳጁ ነው።

የእኛ ዳገትና ቁልቁለት

በአገራችን ነገሩን የሚያከብዱ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ከፍታችን ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ነው። ቱርቦው ከውጪው አየር በላይ 100 ኪሎ ፓስካል እንዲሰጥ ቢፈለግ በባሕር ጠለል አየሩን 2 እጥፍ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 2.3 እጥፍ መጠቅጠቅ አለበት። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ጣርማበር ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ቱርቦው ቀድሞውኑ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ ነው። መውጫውን ከፍተን፣ በዚያ ላይ የፖምፓውን ነዳጅ ብንጨምርበት ፍጥነቱ ከተሠራለት ልክ ሊያልፍ ይችላል። መጨረሻው የተሰበረ ዘንግና የተበላ ቡሽ ነው።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። በብዙ የጭነት መኪናዎች ላይ ከተርባይኑ በኋላ፣ ቱቦው ውስጥ፣ የጭስ ፍሬን ተገጥሟል። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ክዳኑ ቱቦውን ይዘጋና ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል። አዲስ ቱቦ ሲበየድ ይህ ፍሬን "ጠባብ ነው፣ ጭስ ይይዛል" ተብሎ ከወጣ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ጭነት በእግር ፍሬኑ ላይ ብቻ ይቀራል። የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደማይዝ ሁላችንም እናውቃለን። ለአንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ሲባል የሰው ሕይወት አደጋ ላይ አይጣልም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከመቁረጣችን በፊት እንለካ። ከተርባይኑ በኋላ ቀጥ ባለው የቱቦ ክፍል ላይ ዳዶ ይበየድና ይበሳል፤ መለኪያው በሙቀቱ እንዳይበላሽ በረዘም ያለ የመዳብ ቱቦ ይያያዛል። ከዚያ መኪናው ተጭኖ ዳገት ላይ በሙሉ ነዳጅ ሲነዳ ይነበባል። ንባቡ ከመመሪያው በላይ ከሆነ በእርግጥ መፍትሔ ያስፈልጋል። ማርሚታው ውስጡ ፈርሶ ይሆናል፣ ቱቦው ተጨፍልቆ ይሆናል፣ ወይም የጭስ ፍሬኑ ክዳን በከፊል እንደተዘጋ ተጣብቆ ይሆናል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ መውጫውን ማስተካከል የሚታይ ጉልበት ይመልሳል።

አፓረንትሺፕ በወጣሁበት ጋራዥ አንድ ባለንብረት በብድር የገዙትን መኪና ይዘው መጡ። ለሰፊ ቱቦ ሥራ ገንዘባቸውን አዘጋጅተዋል። ዋናው መካኒክ "አባቴ፣ መጀመሪያ እንየው" አሏቸው። ስንለካ 6 ኪሎ ፓስካል ሆነ፤ መውጫው ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የተገኘው በመግቢያው በኩል ነበር። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማም ተሰንጥቆ አየር ያፈሳል። ሁለቱም ተቀየሩ፤ ማርሚታው ባለበት ቀረ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰውዬው ደውለው "አሁን ገና መኪና ሆነ" አሉ።

ስለዚህ ባለንብረት ሲጠይቀን መልሳችን እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ መውጫው ከታፈነ ይጠገን፣ ጤነኛ ከሆነ ግን ገንዘቡ ለፊልትሮ፣ ለቱርቦ ጎማና ለኖዝል ምርመራ ይዋል። በዚህ የማይስማማ ጓደኛ ካለ በወርክሾፓችን መለኪያውን ሰክቶ ውጤቱን በሚቀጥለው እትም ቢያካፍለን ሁላችንም እንማርበታለን።