ዋልያስ ባንድ፦ ድምፃዊ ያላስፈለገው ሙዚቃ

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ቡድን ነው። ከዚያ በፊት ስመ ጥር የነበሩት ባንዶች በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የቴአትር ቤት ነበሩ። ዋልያስ ግን በሙዚቀኞቹ በራሳቸው የሚመራ ነበር፤ መተዳደሪያውም የሆቴልና የምሽት ክበብ ሥራ ነበር። አዲስ አበባ ሒልተን ውስጥ ለዓመታት ተጫውቷል።

ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ የደብረ ብርሃን አካባቢ ሰው ሲሆን፣ ሙዚቃን የተማረው በወጣትነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ነበር። ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ጠቆላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ማሕሙድ አማን በጊታር አብረውት ነበሩ።

በኢትዮጵያ አድማጭ ዘፈንን የሚመዝነው በግጥሙ ነው። ዋልያሶችም ታዋቂ ድምፃውያንን አጅበዋል፤ ትልቁ ሥራቸው ግን ዘፋኝ የሌለበት ነው። የታወቁ ዜማዎችን ወስደው የድምፃዊውን ቦታ ለኦርጋንና ለሳክስፎን ሰጡ። ቅኝቱ ትዝታ ወይም ባቲ ሆኖ ሳለ፣ ቤዙና ድራሙ በአሜሪካ ፈንክ ምት ይሄዳሉ። በ1977 በወጣው «ቼ በለው» አልበም ላይ የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፏል። ከአልበሙ ሥራዎች የላቀው የባንዱ አባል የነበረው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ ያው አጭር የቤዝ ሐረግ እየተመላለሰ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በላዩ ላይ ዜማውን ይደራርባሉ። ዛሬ የውጭ ባንዶች ደጋግመው የሚጫወቱት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቢኖር ይህ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የለንደን ወጣቶች ጃዝን ከፈንክ ጋር አዋህደው ወደ ጭፈራ ቤት ሲመልሱት እንቅስቃሴው አሲድ ጃዝ ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳዩ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ተሠርቷል፤ ያውም በደርግ ዘመን፣ የሰዓት እላፊ ታውጆ፣ ምሽት ክበብ የገባ ሰው ሳይነጋ መውጣት በማይችልበት ጊዜ። ባንዱም ታዳሚውም እስከ ንጋት አብረው ያድሩ ነበር።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገር ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ባንዱም በዚሁ ተበተነ።

ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መድረክ ትቶ ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር፤ የዚህን ሙዚቀኛ ጽናት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። ያንን ካሴት አሜሪካዊው ብሪያን ሺምኮዊትዝ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። «ቼ በለው» ራሱ በቀጣዩ ዓመት ዳግም ታትሟል።

ሌሎቹም ዘግይተውም ቢሆን ተደማጭነት አገኙ። ሙላቱ በ2009 ሄሊዮሴንትሪክስ ከተባለው የለንደን ባንድ ጋር አልበም አወጣ። ግርማ በ2017 አካሌ ውቤ ከተሰኘው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ተቀረጸ። ኃይሉ ደግሞ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አበርክቷል።