የፕሌይስቴሽን ቤቶች ልዩ ገጽታ

የፕሌይስቴሽን ቤቶች በኢትዮጵያ ከተሞች ወጣቶች በአነስተኛ ክፍያ የቪዲዮ እግር ኳስ የሚወዳደሩባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ከጨዋታዎቹ ታዋቂ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው «ፊፋ» ሲሆን፣ በ2023 ስያሜውን ቀይሯል።

በበለጸጉ አገሮች ተጫዋቾች በአብዛኛው በኢንተርኔት ይገናኛሉ። በነዚህ ቤቶች ግን ተፎካካሪዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተሸናፊው ጆይስቲኩን ለተረኛው ያስረክባል፣ አሸናፊው ይቀጥላል። ክርክር ቢነሳ ተመልካቹ ይዳኛል፤ ጀማሪውም ከነባሩ እያየ ይማራል። መሣሪያውን የመግዛት አቅም የሌለው ወጣትም የጨዋታው ተካፋይ ይሆናል።

ችግር የሚፈጠረው ቤቶቹ በትምህርት ሰዓት ተማሪዎችን ሲያስተናግዱ ወይም ጨዋታው የገንዘብ መወራረጃ ሲሆን ነው። በመሆኑም በሀድያ ዞን እንደምትገኘው ሞርሲቶ ባሉ ከተሞች የሰዓት ገደብ ማውጣትና ውርርድን መከልከል ጉዳቱን ይቀንሳል። ቤቶቹን በጅምላ ማሸግ ግን ወጣቱን መሰባሰቢያ ያሳጣዋል።