ፒክ አፕ ሲሸልሙ ፍሬኑን አይርሱ

«መኪና የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለው ይህን ጽሑፍ ለማለፍ አይቸኩሉ። ጤፉም፣ ልጁም፣ እርስዎም የሚጓዙት በአንዱ መኪና ነው። ለማሳመሪያው የሚወጣው ገንዘብም የሚቀነሰው ከቤት ወጪ ስለሆነ ምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ የእናትም ድርሻ ነው።

እስቲ በባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ በይጁቤ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንመልከት። ያለው ሀብት አንዲት ያረጀች ቶዮታ ሂሉክስ ናት። ይህ የመኪና ዓይነት በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1960 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕድሜ የጠገቡት ዛሬም በአገራችን መንገዶች ላይ ይሠራሉ። ባል መኪናዋን ሊያድሳት ቆርጧል፤ ከፊት የብረት መከላከያ፣ ከጣራ ላይ ፖርታ ባጋጅ፣ ለጭጋግ ተጨማሪ መብራት፣ ከኋላም «ጭነት እንድትችል» ተደራቢ ባሌስትራ አስቧል። ሚስት ግን አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ «ለእኔና ለልጁ ቀበቶው የታለ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ትከሻንና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘው ባለ ሦስት ማሠሪያ ቀበቶ፣ ኒልስ ቦሊን በተባለው መሐንዲስ ተሠርቶ በቮልቮ መኪናዎች ላይ የዋለው በ1951 ዓ.ም. ነው። በብዙ አሮጌ ፒክ አፖች ግን ቀበቶው ተበጥሷል ወይም ከነጭራሹ የለም። ሲያስገጥሙ መካኒኩ በመጀመሪያ ፋብሪካው ያዘጋጀውን የማሠሪያ ቀዳዳ ይፈልግ፤ ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። የቀበቶ ቡሎን እንደማንኛውም ቡሎን አይደለም፤ በአብዛኛው በኢንች የሚለካና ጥርሱ ደቃቅ በመሆኑ ሌላ ቡሎን በግድ ቢያስገቡበት ጥርሱ ይበላል። ቀዳዳ ከሌለም ስስ ላሜራ በስቶ ማሰር አይበቃም፤ ከበስተጀርባው ወፍራም ብረት መደገፍ አለበት። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቀበቶ ከተገዛ ጠርዙ እንዳልተተለተለ ይዩ፤ በድንገት ሲስቡትም ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ግጭት ያየ ቀበቶ ግን ስለተለጠጠ ለሰው አይሆንም።

ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ አንዱን ቀበቶ ለሁለት መታጠቅም አደጋ ነው። መኪናው ሲጋጭ የእናት ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። ክንድ የቱንም ያህል ቢጠነክር ልጁን በዚያች ቅጽበት ሊይዝ አይችልም።

አሁን ወደ ባሌስትራው እንምጣ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በብዙ ሂሉክሶች የኋላ አክስል አጠገብ የጭነቱን መጠን የሚለይ የፍሬን ቫልቭ አለ። የመኪናው ጀርባ ሲወርድ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ጀርባው ከፍ ሲል ደግሞ «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። ተደራቢ ባሌስትራ ሲገባ ጀርባው ተጭኖም ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ቫልቩም ይታለልና ፍሬን በሚያስፈልግበት ሰዓት ኃይሉን ይቀንሳል። እንግዲህ ጤፍ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ፣ ከደጀን እስከ ዓባይ ወንዝ ያለውን ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ያስቡት! ስለዚህ ባሌስትራ ከተደረበ ቫልቩ እንደገና መስተካከል አለበት። ደግሞም ባሌስትራ ቢጨመር ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ፋብሪካው ከወሰነው ጭነት በላይ መጫን አይፈቅድም።

በክረምት የጎጃም ደጋ ጭጋግ ሲለብስ ተጨማሪ መብራት ይጠቅማል። ነገር ግን ሁለት ባለ 55 ዋት መብራቶች ከ12 ቮልት ባትሪ ከ9 አምፔር በላይ ይስባሉ። ቀጭን ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ቢቀጠል ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ እሳትም ይነሳል። ለባትሪው ቅርብ የሆነ ባልቦላ (ፊውዝ) እና ሪሌ ይግባለት፤ ሽቦው በብረት በሚያልፍበት ቦታም ጎማ ይልበስ።

ከኋላ አግዳሚ ወንበር አስበይዶ ሰው ማሳፈርን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ አያድርጉት። የጭነት ቦታ ወንበር ስለተደረገለት የሰው ቦታ አይሆንም።

ሥራው ሲያልቅ መካኒኩን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቀበቶው የታሰረው በየትኛው ቀዳዳ ነው? የፍሬኑ ቫልቭ ተስተካክሏል? ባልቦላው የት ነው? ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት በዓይንዎ ይዩ። መኪናዋም ለዓመታዊው ምርመራ ከመቅረቧ በፊት ጭነት ይዛ በዝግታ ትሞከር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የታሰረ ቡሎን የሚፈታው በመንገድ ላይ ነው።

የይጁቤው ቤተሰብስ? ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቀበቶና ፍሬን ይቅደሙ፤ መብራቱ ይከተል። ፖርታ ባጋጁ ለመጪው ዓመት ቢቆይ የሚጎዳ ሰው የለም።