ያልታየ ክፍል አልጠፋም፦ በቲመክስ ስለ ዙም አሠራር አጭር ማብራሪያ



በየፋኩልቲው የምንማር ተማሪዎች የጥናት ሥራችንን ከማደሪያችን ሆነን በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ የምናካሂድበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል። ለዚህ ከምንገለገልባቸው መሣሪያዎች አንዱ ቲመክስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከቲመክስ አሠራሮች አንዱን፣ ማለትም ዙምን፣ ማብራራት ሲሆን፣ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን በገዛ እጃችን ያደረስነው ጥፋት ነው።

ቲመክስ ኒኮላስ ማሪዮት የጀመረውና በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው። አንዱን ተርሚናል በብዙ መስኮቶች፣ አንዱን መስኮት ደግሞ በብዙ ክፍሎች ለመክፈል ያስችላል። መስመር ቢቋረጥ እንኳ ሥራው በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ይቀጥላል፤ ተመልሰን ስንገባ እንደነበረ እናገኘዋለን።

ክፍሎች ሲበዙ ግን እያንዳንዱ ይጠባል። ስለዚህ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ1.8ኛው እትም ወዲህ፣ አንዱን ክፍል ለጊዜው መስኮቱን በሙሉ እንዲሞላ ማድረግ ተችሏል። ኮንትሮልን ከቢ ጋር ተጭኖ መልቀቅ፣ ቀጥሎም ዜድን መጫን ነው። ያንኑ መድገም ክፍሎቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመልሳል።

የእኛ ጥፋት እንዲህ ነበር። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ነን፤ ለምርምር ጽሑፋችን የደም ግፊት ልኬቶችን የሚያሰላ ፕሮግራም ከቀኑ በ9 ሰዓት አስነሣን። በግራው ክፍል ስሌቱ፣ በቀኙ ጽሑፋችን ነበር። ጽሑፉ ስለ ጠበበን በዙም አሰፋነውና እስከ እኩለ ሌሊት ስንጽፍ ቆየን። ከዚያም ስሌቱ በሌላ መስኮት ያለ መስሎን መስኮቱን የሚዘጋውን ትእዛዝ ሰጠን። ፕሮግራሙ ይዘጋ እንደሆነ ጠየቀ፤ እኛም ሳናመነታ ዋይን ተጫንን። ያልታየው ክፍል አብሮ ጠፋ፤ የ9 ሰዓት ስሌትም ከንቱ ቀረ።

ነገሩ ከማይክሮስኮፕ ጋር ይመሳሰላል። በትልቁ ሌንስ ስንመለከት አንዲት ሕዋስ ዓይናችንን ትሞላለች፤ የቀረው ናሙና ግን ከመስተዋቱ ላይ አልተነሣም። መስተዋቱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። በመሆኑም የሚከተሉትን ነጥቦች ማወቅ ይጠቅማል።

1ኛ/ ዙም ይሸፍናል እንጂ አያቆምም። የተሸፈኑት ክፍሎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

2ኛ/ ምልክት አለው። ባልተለወጠ አቀማመጥ ከታች ባለው መስመር፣ ከመስኮቱ ስም ቀጥሎ፣ ከኮከቧ አጠገብ ትልቁ ዜድ ይታያል። ዜድ ካለ የተሸፈነ ክፍል አለ ማለት ነው።

3ኛ/ ሁለቱን መዝጊያዎች እንለይ። ከኮንትሮል ቢ በኋላ ኤክስ የሚዘጋው ያለንበትን ክፍል ብቻ ነው፤ የተሸፈኑትም ይመለሳሉ። በእንግሊዝኛው ቁልፍ ሰሌዳ ከ7 ቁጥር ጋር ያለችው የ«እና» ምልክት ግን መስኮቱን ከነክፍሎቹ ታጠፋለች። እኛን የጎዳችን ይህችው ናት።

4ኛ/ በቀስት ቁልፍ ወደ ሌላ ክፍል ስንሄድ ዙሙ በራሱ ይፈታል፤ አዲስ ክፍል ስንከፍልም እንዲሁ። ይህ ብልሽት ሳይሆን የተለመደው አሠራር ነው። ዙሙ ሳይፈታ ከክፍል ወደ ክፍል መሄድ የሚፈልግ፣ ከ3.1ኛው እትም (2020 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይችላል፦ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ለቀስቱ ቁልፍ በተሰጠው የሴሌክት ፔን ትእዛዝ ላይ ሰረዝና ትልቁን ዜድ ይጨምር። ለጀማሪ ግን አንመክርም፤ ዙሙ ሲፈታ ሌሎቹ ክፍሎች መኖራቸው ስለሚታይ ማስታወሻ ይሆናል።

5ኛ/ ዙም የመስኮቱ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። ወጥተን ስንመለስ ዙሙ እንደነበረ ይቆየናል። ሁለት ተማሪዎች አንዱን መስኮት በጋራ ቢመለከቱም አንዱ ሲያሰፋ ለሌላውም ይሰፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ አንዲት ልማድ ብትያዝ ይበቃል፦ መስኮት ከመዝጋት በፊት ዓይንን ወደ ታችኛው መስመር ማውረድ፤ ዜድ ካለች ዙሙን መፍታትና ሁሉንም ክፍል ማየት። ይህ የሁለት ሴኮንድ ሥራ ነው። እኛ ስሌቱን እንደገና ለማስነሣት አንድ ቀን ሙሉ ከፍለናል፤ ሌሎች አባላት ያንን ዕዳ እንዳይከፍሉ ጻፍንላችሁ።

መልካም የጥናት ጊዜ እንመኛለን።