በመስታወት ላይ ያለው ዝናብና በሐዲድ ላይ ያለው ዝናብ

በዛሬው የዓለም ገበያ በእጅ የማይዳሰሱ፥ በመጋዘን የማይከማቹ፥ በመርከብም የማይጫኑ ብዙ ሸቀጦች ይሸጣሉ። ከእነዚህም መካከል አንዱ ዝናብ ነው። ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይምሰል እንጂ በገንዘብ የሚለወጥ እውነተኛ ንግድ ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር የባቡር አነዳድን ለሚያስመስሉ ፕሮግራሞች የሚሠራው ዝናብ፥ በረዶና ጉም ነው።

ሲሙሌተር የተባለው ይህ ፕሮግራም ገዢውን በቤቱ እንደ ተቀመጠ ባቡር ነጂ ያደርገዋል። ኃይል ይሰጣል፥ ፍሬን ይይዛል፥ የምልክት መብራት ይጠብቃል፥ በተወሰነለትም ሰዓት ከጣቢያ ለመድረስ ይጣጣራል። ማይክሮሶፍት ኩጁ በተባለ የእንግሊዝ ድርጅት አሠርቶ በ2001 ያወጣው «ትሬን ሲሙሌተር» ከአሜሪካ፥ ከእንግሊዝ፥ ከኦስትሪያና ከጃፓን የተመረጡ 6 መስመሮችን የያዘ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ፕሮግራም የአየሩ ጠባይ ጉዞው ሳይጀመር ይመረጥና እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ ይቆያል። ዶቭቴይል ጌምስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2022 ባወጣው «ትሬን ሲም ወርልድ 3» ግን ደመናው በጉዞው መካከል እየከበደ መጥቶ ዝናብ ሊጥል፥ ተመልሶም ሊያባራ ይችላል።

የዚህ ንግድ አካሄድ ለነጋዴ ትኩረት የሚስብ ነው። ዋናው ፕሮግራም በመጠነኛ ዋጋ ይሸጣል፤ መስመሮቹና ባቡሮቹ ግን አንድ በአንድ በተጨማሪነት ይሸጣሉ። ለአንዱ ፕሮግራም የተሠራውን ተጨማሪ ሁሉ ልግዛ የሚል ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። ከዋናው ኩባንያ ሌላ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ያሏቸው አነስተኛ ድርጅቶች አስቀድሞ የተሸጠውን ባቡር ወስደው ድምፁን፥ መብራቱንና በዝናብ ጊዜ የሚያሳየውን ጠባይ እያሻሻሉ ይሸጣሉ።

ዝናቡን በባቡሩ ላይ የማዋሉ ሥራ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ለዓይንና ለጆሮ የሚሠራው ነው። በነጂው ፊት ባለው መስታወት ላይ ነጠብጣብ የተሣለበት ብርሃን አሳላፊ ሥዕል ይደረባል፤ ባቡሩ ሲቆም ነጠብጣቡ ወደ ታች ይወርዳል፥ ሲፈጥን በነፋሱ እየተገፋ ይሰነጠራል፥ በጎን መስኮቶችም ላይ ወደ ኋላ ይሮጣል። የመስታወቱ መጥረጊያ ያለፈበት ቦታ ብቻ መጥራት፥ ጥቂትም ቆይቶ እንደገና መርጠብ አለበት። በጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅ ይጨመራል። ባቡሩ ወደ ዋሻ ሲገባ ግን ዝናቡም ድምፁም ሊቆሙ ይገባል፤ በቆዩት ፕሮግራሞች ዝናብ በዋሻ ውስጥና በጣቢያ ጣራ ሥር ሲዘንብ መታየቱ ገዢዎችን ሲያስቅም ሲያስቈጣም የኖረ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ በዓይን የማይታየው፥ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ እርሱም ዝናቡን ከመንኰራኵሩ ማድረስ ነው። የብረት መንኰራኵር የብረት ሐዲድን የሚነካው ከሳንቲም በማይበልጥ ስፋት ነው። 80 ቶን የሚመዝን፥ መንኰራኵሮቹም ሁሉ በሞተር የሚዞሩ ሎኮሞቲቭ በደረቅ ሐዲድ ላይ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉን፥ ማለት 24 ቶን በሚያህል ኃይል ሊስብ ይችላል። ሐዲዱ ረጥቦ ይህ ቁጥር ወደ 15 በመቶ ሲወርድ ኃይሉ 12 ቶን ይሆናል። የወደቀ ቅጠል ተደፍጥጦ በተለጠፈበት ሐዲድ ላይ ግን ከ5 በመቶ በታች ስለሚወርድ ከ4 ቶን ያነሰ ብቻ ይቀራል። ለማቆምም የሚያስፈልገው ይኸው የመያዝ ኃይል ስለሆነ፥ መንኰራኵሩ ቢቆም እንኳ ባቡሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የሚያስገርመውም ከከባድ ዝናብ ይልቅ ካፊያ የከፋ መሆኑ ነው፤ ከባዱ ዝናብ የሐዲዱን እድፍ አጥቦ ሲወስድ፥ ካፊያው ግን እድፉን ለውሶ ያሟልጨዋል። ስለዚህም ባቡሮች ከመንኰራኵሩ ፊት ደረቅ አሸዋ የሚረጭ መሣሪያ ይዘው ይጓዛሉ። ጥሩ ሠሪ እነዚህን ሁሉ በቁጥር ጽፎ፥ በፕሮግራሙ ቋንቋ ከሰማዩ ሁኔታ ጋር ያያይዛቸዋል፤ ሰነፍ ሠሪ ግን መስታወቱን ብቻ አርጥቦ ይሸጣል።

ይህ ልዩነት የጨዋታ ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ አደጋ ማስታወስ ይበቃል። በኦክቶበር 31 ቀን 2021 ሳልስበሪ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ አጠገብ ከለንደን ይመጣ የነበረ የመንገደኞች ባቡር ቀይ መብራት አልፎ ሌላውን የመንገደኞች ባቡር ገጨ። የሞተ ሰው ባይኖርም ነጂው ክፉኛ ቈሰለ፥ ከመንገደኞቹም ሆስፒታል የገቡ ነበሩ። የአገሩ የባቡር አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው መግለጫ፥ ሐዲዱ በቅጠል ተለብጦ እንደ ነበረ፥ ባቡሩ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጣለው ካፊያም ነገሩን እንዳባባሰው፥ ነጂውም ለእንዲህ ያለው ሐዲድ በሚበቃ ርቀት ቀደም ብሎ ፍሬን እንዳልያዘ አስታውቋል። እንዲህ ያለውን ሐዲድ መንገደኛ በጫነ ባቡር መለማመድ የማይቻል ስለሆነ፥ ነጂዎችን የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች በሲሙሌተር ይገለገላሉ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሠልጣኝ በመስታወቱ ላይ ዝናብ እያየ ባቡሩ ግን እንደ በጋው ቀን የሚቆምለት ከሆነ፥ የተማረው ከአለመማር የባሰ ይሆናል፤ ዝናብን መናቅ ለምዷልና።

ገዢ ዕቃውን ለመፈተን ብዙ ዕውቀት አያስፈልገውም። በካፊያ ቀን ጉዞ ይጀምርና ከጣቢያ ሲነሣ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ይልቀቀው፤ መንኰራኵሩ ሳይንሸራተት ከተነሣ፥ ቀጥሎም በደረቅ ቀን ፍሬን ከያዘበት ቦታ ይዞ ባቡሩ ከዚያው ከቀድሞው ስፍራ ላይ ከቆመለት፥ የገዛው ዝናብ ሳይሆን የዝናብ ሥዕል ነው።

ቡና ገዢ በጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም፤ ከመካከሉ አስወጥቶ ያያል። በኮምፒዩተር የሚሸጠውም ሸቀጥ ሕጉ ያው ነው። ደንበኛን አንድ ጊዜ የሚስበው በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ነጠብጣብ ሲሆን፥ ሁለተኛ ጊዜ እንዲመለስ የሚያደርገው ግን ማንም ሳያየው ከመንኰራኵሩ ሥር የተሠራው ሥራ ነው።