ኦሲሎስኮፑ ሲነቀል የሚቀረው ፋይል

ኦሲሎስኮፕ ቮልቴጅ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ ሥሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ይህን ርዕስ አይቶ ለቆመ ሰው ከዚህ በላይ አላብራራም። ከላፕቶፕ ጋር የሚሠራው ዓይነት፣ ለምሳሌ በ1991 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተቋቋመው ፒኮ ቴክኖሎጂ የሚያመርተው ፒኮስኮፕ፣ በአብዛኛው የራሱ ስክሪን የለውም። በዩኤስቢ ይሰካል፣ ሥዕሉን ሶፍትዌሩ ያወጣል። ሰው ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ ሲከራከር ይውላል፤ ስለ ሴቭ ማድረጊያው ግን ማንም አያነሳም።

ከማሻ ከተማ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ ኮንታክተሩ ይንጫጫል፣ አንዳንዴም ይለቃል። የኮንታክተሩን ጥቅል (ኮይል) ቮልቴጅ በዲፈረንሻል ፕሮብ ለክቶ፣ ስክሪኑን በስልኩ አንስቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሏል። ያየሁት ጥቅጥቅ ያለ ሰማያዊ መስመርና የአምፖል ነጸብራቅ ነው። ፋይሉን ላክልኝ ስለው «ያው አይደል እንዴ?» አለኝ።

ያው አይደለም። ልጁ የቀዳው 2 ሰከንድ ነው፤ መሣሪያው በዚያ ውስጥ 1 ሚሊዮን ነጥብ ይዟል፣ በየ2 ማይክሮሰከንዱ አንድ። የላፕቶፑ ስክሪን ግን ለሥዕሉ ወደ 1,000 ዓምድ ብቻ አለው። ስለዚህ በአንዱ ዓምድ ውስጥ 1,000 ነጥብ ተደራርቦ ይታሰራል። የመብራታችን አንድ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ፎቶው ላይ የሚደርሰው 10 ዓምድ ነው። ከ2 ሚሊሰከንድ ያነሰ መቆራረጥ ከነዚህ ዓምዶች በአንዱ ውስጥ ይዋጣል። ፎቶውን በስልክ ብታሰፉት የሚሰፋው ስክሪኑ ነው፤ የተደበቀው ነጥብ አይወጣም። ለሪፖርት ብሎ ስክሪን ሹት የሚያነሳውን አልወቅስም፤ ስክሪን ሹት አንስቶ ፋይሉን ሴቭ ሳያደርግ ላፕቶፑን የሚዘጋውን ግን እወቅሳለሁ።

ፋይሉ መጣ። ፒኮስኮፕ ፒኤስዳታ ብሎ የሚያስቀምጠው ዓይነት ነው፤ ሞገዱንና የተቀዳበትን ሴቲንግ አብሮ ይይዛል። መሣሪያው ማሻ ቢሆንም እኔ ዘንድ ሶፍትዌሩ ብቻ ይበቃኛል፤ ከድረ ገጹ በነጻ ይወርዳል። ስከፍተው ሬንጁ፣ የጊዜ ስፋቱና ትሪገሩ እሱ ያደረገበት ቦታ ላይ ናቸው። የመነሻዋን ቅጽበት ሳሰፋት ቮልቴጁ ደጋግሞ፣ እያንዳንዱ ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች፣ ዜሮ ይወርዳል። ጥርጣሬዬ ኮንታክተሩን ትቶ ወደ ማስነሻ ቁልፉ ዞረ። ቁልፉን ሲፈታው ንክኪው ላይ የዱቄት ብናኝ ተጋግሯል።

ፒኤስሴቲንግስ የሚባለው ሌላው ፋይል ሞገድ የለውም፤ ሴቲንግ ብቻ ነው። ቴፒ ካምፓስ ላብራቶሪ ውስጥ ሃያ ተማሪ አንድ ዓይነት ሙከራ ቢሠራ ለሁሉም ይህን ማደል ነው፤ በየጠረጴዛው ትሪገር ሲፈለግ የሚባክነው ሰዓት ይተርፋል። ሲኤስቪ ለኤክሴል ጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ይሰጣል እንጂ ትሪገሩን አይነግርም። አሮጌ የሶፍትዌር ስሪት አዲሱ የጻፈውን ሁልጊዜ እንደማያነብም አትርሱ።

ሲከፈት የሚታረምና የማይታረም አለ። ማስፋት፣ መለካት፣ የሁለት ነጥብ ርቀት መውሰድ ከዓመት በኋላም ይቻላል። ሬንጁ ግን ያለፈ ነገር ነው። የ220 ቮልት ጫፍ 311 ይደርሳል፤ ሬንጁ 200 ላይ ከነበረ ጫፉ ተቆርጦ ነው የተቀመጠው፣ ማንም አይመልሰውም። ሬንጁ ያለ ልክ ሲሰፋም ጉዳት አለው። 8 ቢት መሣሪያ ከፍታውን በ256 ደረጃ ስለሚከፍል፣ ከአሉታዊ 20 እስከ አዎንታዊ 20 ቮልት በተከፈተ ሬንጅ አንዱ ደረጃ 0.16 ቮልት ገደማ ነው። የ100 ሚሊቮልት ሲግናል እዚያ ውስጥ አንድ ደረጃ እንኳ አይሞላም።

ፋይሉ የሚያውቀው ሶፍትዌሩ የተነገረውን ነው። የተራ ፕሮብ ማብሪያ 10 ላይ ሆኖ ሶፍትዌሩ 1 ላይ ከተተወ፣ የሚነበበው ቮልቴጅ አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ ሴቲንጉም ያንኑ ስህተት በታማኝነት ይመዘግባል። ስለዚህ ከሞገዱ ጋር አብሮ የሚቀመጠውን የማስታወሻ ቦታ ተጠቀሙበት፦ የትኛው ፕሮብ፣ ማብሪያው የት፣ የትኛው ተርሚናል። (የተራ ፕሮብ መሬት ቆንጣጭ 220 ቮልት ላይ ለሚነክስ ሰው ማስታወሻ አይጠቅመውም፤ ላፕቶፑ ቀድሞ ይቃጠላል።)

ፋይሉን ከከፈታችሁ በኋላ አዲስ ቀረጻ ማስጀመር ካሰባችሁ መጀመሪያ በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት፤ በልማድ ሴቭ የሚጫን ጣት የቀድሞውን ልኬት በአዲሱ ይሸፍናል። ስሙም ላይ ዘመኑን ግለጹ። «ወፍጮ 2016» የሚል ፋይል በእኛ አቆጣጠር በመሆኑና በፈረንጅ በመሆኑ መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የላፕቶፑ ሰዓት ባትሪው ሞቶ የተሳሳተ ቀን ሲያትም ደግሞ የሚያስታርቅ የለም፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መጨመር ነው።